የፈራው ጀግና እና የራጁ አማት

ራጁ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው አጥንት ሲያይ የኖረ ሰው ነው። በሆስፒታሉ ኮሪደር መጨረሻ፣ ከበሩ በላይ ቀይ መብራት ባለበት ክፍል ውስጥ፣ ደረት፣ ጉልበት፣ ክርን፣ መንጋጋ፣ ያላነሳው የለም። ቅጽል ስሙም የተገኘው ከዚያው ከራጅ ማንሻው ነው። መንገድ ላይ ሰው ሲያገኝ ከፊቱ ቀድሞ ትዝ የሚለው የጎድን አጥንቱ ነው። «ደህና ነህ? ያቺ የተሰነጠቀችው እንዴት ሆነች?» ይላል። ሰውየውም የትኛው ገመናው እንደታወቀበት ግራ ይገባውና ደረቱን ሸፍኖ ያልፋል።

ሥራው ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። በሽተኛውን ያቆማል፤ ትከሻውን ያስተካክላል፤ ጨረር ከማያሳልፈው ግድግዳ ጀርባ ይገባና በትንሿ መስታወት አጮልቆ እያየ «ትንፋሽዎን ይያዙ!» ይላል። ቁልፉን ይጫናል። ከዚያ በአንድ ዜማ፣ «ጨርሰናል! አሁን መተንፈስ ይችላሉ!» ይላል። በቀን መቶ ጊዜ። አንድ ቀን ይህችን ሁለተኛዋን ረስቶ ለምሳ ቢወጣ፣ ሲመለስ አንድ ሽማግሌ ትንፋሻቸውን እንደያዙ ቆመው አገኛቸው ይባላል። ወሬውን የነዛችው ተራ ጠሪዋ ናት፤ እሷ ደግሞ ወሬ ላይ ቅመም ስትጨምር እጇ ልክ አያውቅም።

ይህ ሰው ሥራውን ሲጨርስ የሚያስበው ሁለት ነገር ነው። አንዱ ጀግናው በአንድ ጡጫ ከተማ የሚያድንበት ፊልም ነው። ሁለተኛው አማቱ ናቸው።

አዎ፣ አማቱ። መነጽራችሁን አትጥረጉ፤ በትክክል ነው ያነበባችሁት።

አማቱ ሠላሳ አንድ ዓመት የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነበሩ። ደረጃው ላይ ብቅ ሲሉ የአራት ሺህ ተማሪ ጫጫታ እንደ ቧንቧ ይዘጋ ነበር፤ የግቢው ድመቶች ሳይቀሩ ተሰልፈው ይገቡ ነበር የሚልም አለ። ጡረታ ሲወጡ ጉልበታቸውን አመማቸውና «ለሁለት ሳምንት» ብለው አንድ ሻንጣ ይዘው ልጃቸው ቤት መጡ። ሁለቱ ሳምንት ዘጠኝ ዓመት ሆነ። ከዘጠኙ ሰባቱን፣ ዳይሬክተሯ አማቻቸውን «እርስዎ» እያሉ ኖሩ። ከአክብሮት አይደለም። መምህር የወላጅ ስብሰባ ላይ የሰነፍ ልጅ አባት እንደሚያናግር ነው። «ጨው ያቀብሉኝ።» «በሩን ይዝጉ።» ራጁም ጨው ያቀብላል፣ በር ይዘጋል። በሰባት ዓመት ውስጥ የተነጋገሩት ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም።

ይህን ዝምታ የሰበረው የፊልም ጀግናው ባለጓንቱ ነው።

ባለጓንቱ አሳንሰር ጠጋኝ ነው። አንድ ቀን በአሳንሰሩ ጉድጓድ ሥር የወደቀ ጓንት አገኘ፤ አጠለቀው፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ድልድይ እንደ ጀበና ክዳን ብድግ የሚያደርግ ሆነ። ራጁ ለመጀመሪያው ፊልም ሁለት ትኬት ገዝቶ ነበር። አንዱ የሚስቱ ነው። ሚስቱ ፖስታ ቤት እሽግ ስትመዝን ውላ የምትገባ ሴት ናት፤ መብራት የጠፋበት ቦታ ሁሉ ለእሷ አልጋ ነው። ያን ቀን መብራቱ እስኪጠፋም አልጠበቀች፤ ሶፋው ላይ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ እንዳደረገች አንኮራፋች። ዳይሬክተሯ ትኬቱን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ፣ «ወንበር ባዶ መቅረቱን አልወድም» ብለው ነጠላቸውን አነሡ።

ከአዳራሹ ሲወጡ ዓይናቸው እንደ አሥር ዓመት ልጅ ያበራ ነበር። «አየኸው? ድልድዩን ሲያነሣው አየኸው? በአንድ እጁ!» አሉ። ራጁ ስለ ድልድዩ አልሰማም፤ የሰማው «አየኸው» የሚለውን ብቻ ነው። ሰባት ዓመት የጠበቃት ቃል ነች።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት የሁለቱ ሆነ። የሚታይ ፊልም ካለ ይሄዳሉ፤ ከሌለ የታየውን እንደገና ይከራከሩበታል። እሳቸው ለእያንዳንዱ ፊልም ከመቶ ነጥብ ይሰጣሉ፤ ከሰማንያ በላይ ያገኘ ባለጓንቱ ብቻ ነው። ራጁ እድሜውን ሁሉ ስለ ፊልም ብቻውን ሲያወራ የኖረ ሰው ነውና አሁን መልስ የሚሰጠው ሰው አገኘ። ሚስቱ ይህን ስታይ፣ «እናቴን ለእኔ ነበር ያመጣኋት» ትላለች፤ ትላለችና ትተኛለች።

ሁለት ዓመት ተጠብቆ ባለጓንቱ ቁጥር ሁለት መጣ። ማስታወቂያው ጥቁር ነው፤ ጓንቷ ብቻ ትታያለች፤ ከጣቶቿ መካከል የሆነ ዓይን ያያል። «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ዳይሬክተሯ። «ትንሽ የሚያስፈራ ነገር ጨምረውበታል መሰለኝ፣ እማማ።» «ማንን ነው የሚያስፈራው?» አሉ፤ ቦርሳቸውን በብብታቸው አድርገው ገቡ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቷል። ፊልሙ ሲጀምር ሁሉ ሰላም ነው፤ ከዚያ ጓንቷ መናገር ጀመረች። በመጀመሪያው ፊልም ድልድዩ ሲነሣ ያልተረፉ ሰዎች ነበሩ ለካ፤ በእነሱ ድምፅ ነው የምትናገረው። ከሕንፃው ምድር ቤት ይጠሩታል። አሳንሰሩ ማንም ሳይነካው ወደ ታች ይሄዳል። ባለጓንቱ አሳንሰሩን አላመነውም፤ በደረጃ ወረደ። ወረደ፣ ወረደ፣ አንድ በር ፊት ቆመ። ሙዚቃው ቀጥ አለ። ከበሩ ጀርባ የሆነ ነገር ይተነፍሳል። አዳራሹ ግን አይተነፍስም።

አንድ ደቂቃ። ሁለት ደቂቃ። አራት መቶ ሰው በጨለማ ክፍል ውስጥ ትንፋሹን ይዞ ቀጥ ብሏል። ራጁም ዓይኑ ፈጦ፣ ወንበሩን አንቆ ይዟል። ጨለማ ክፍል፣ ትንፋሹን የያዘ ሰው፣ ጸጥታ። ሃያ ሁለት ዓመት የሠለጠነች ምላስ እንዲህ ያለ ነገር ስታይ ባለቤቷን አታማክርም።

«ጨርሰናል! አሁን መተንፈስ ይችላሉ!»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አራት መቶው ሰው በአንድ ጊዜ ኡፍ ሲል የመውጫው በር መጋረጃ ተርገበገበ። ቀጥሎ አዳራሹ በሳቅ አውካካ። አንዱ ከኋላ «ውጤቱን መቼ እንውሰድ?» ብሎ ጮኸ። ከፊት የተቀመጠ ሰው ተናጋሪውን ለማየት የስልኩን መብራት አበራና ወደ ኋላ አዞረ። መብራቱ ራጁን ሳተውና ጎረቤቱ ላይ አረፈ።

ዳይሬክተሯ ሁለት እግራቸውን ወንበሩ ላይ ሰቅለው፣ ቦርሳቸውን በፊታቸው ላይ ጋርደው ኩርምት ብለዋል።

«ውይ!» አለ ባለ መብራቱ፤ ሽበት የጀማመረው ጎልማሳ ነው። «ዳይሬክተራችን አይደሉም እንዴ?»

«የቷ?» አለ ሌላው። «ያቺ በዓይኗ መስኮት የምትሰብረው?»

«አዎ! እግራቸውን ሰቅለው!»

ዕድል ሲጠም እንዲህ ነው፤ ያ ረድፍ ከዳር እስከ ዳር የድሮ ተማሪዎቻቸው ነበር። ዳይሬክተሯ ቦርሳውን አወረዱ። አንድ እግር አወረዱ፤ ሌላውን አወረዱ። ጀርባቸውን አቀኑ። የቀረውን አንድ ሰዓት፣ ሁለት ረድፍ ሰው ፈርቶ ሲወጣ እንኳ፣ ዓይናቸውን ሳያርገበግቡ እስከ መጨረሻው አዩት፤ የሠራተኞቹ ስም ዝርዝር አልቆ ጠራጊዎቹ እስኪገቡ አልተነሡም።

መንገድ ላይ ራጁ ፈራ ተባ እያለ፣ «እማማ፣ እንዴት አገኙት?» አለ።

«እርስዎስ እንዴት አገኙት?»

እርስዎ! ራጁ መሀል መንገድ ላይ ሊቀመጥ ምንም አልቀረው።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ፍርዱ ተነበበ። «ፊልሙ ወድቋል» አሉ ዳይሬክተሯ ዳቦአቸውን እየቆረሱ። «ጀግና ተብሎ ጉልበቱ የሚብረከረክ! እኔ ትምህርት ቤት ቢሆን ወላጅ አምጣ ነበር የምለው። ከመቶ አሥራ ዘጠኝ።» ሻያቸውን ፉት አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ሌላም አለ። የዚህ ቤት አየር ለጉልበቴ አልተስማማኝም። ለወንድምሽ ደውያለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት መጥቶ ይወስደኛል።»

ወሬው እስከ ቀትር ሠፈሩን ሁለት ጊዜ ዞረ። ሥጋ ሻጩ የራጁን እጅ በሁለት እጁ ጨብጦ፣ «እንኳን ደስ አለህ፤ የእኔም ትሄድ ዘንድ ጸልይልኝ» አለው። ሱቁ በር ላይ የቆመ አንድ የማያውቀው ሰው ሳይቀር ትከሻውን መታ መታ አደረገው። ራጁ ግን ሆዱ ባብቷል። አማቱ ሊሄዱ ነው ሲባል ዓይኑ እንባ ያቀረረ አማች ከተፈጠረ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ቅዳሜን ያለ ዳይሬክተሯ ሊያስባት ሞከረ፤ የታየችው ሚስቱ ስታንኮራፋ፣ እሱ ለሶፋው ትራስ ስለ ፊልም ሲያስረዳ ነው።

«አንድ ቃል እኮ ነው» አለችው ሚስቱ። «‹ልክ ነዎት፣ ፊልሙ መጥፎ ነው› በላት። ወዲያው ትቀራለች። እናቴን አውቃታለሁ፤ የሚያምናት ሰው ካገኘች ጉልበቷም ይድናል።»

«ውሸት ነዋ!»

«ታዲያ ቢሆንስ? በሠርጋችን ቀን ስታጉረጠርጥብህ ‹ፈገግታዎ ያምራል› አላልካትም?»

«ያ ስለ ሰው ነው። ይሄ ስለ ፊልም ነው!»

ሰኞ ሥራ ቦታ ተራ ጠሪዋም ያንኑ መከረችው። «ዋሽ፣ ወንድሜ። ደግሞ ፊልሙ በእውነት መጥፎ ነው አሉ፤ አዩ የተባሉት ሁሉ ሲራገሙ ነው የሰማሁ። የልጆች ጀግና ይዘው መቃብር ውስጥ ከተቱት።»

«አንቺ አይተሽዋል?»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ራጁ እዚህ ላይ ሽንጡን ገትሮ ተነሣ። በዚያ ሳምንት እግሩን፣ እጁን፣ ደረቱን ሊነሣ የመጣ ሰው ሁሉ ከምስሉ ጋር የፊልም አስተያየት ተቀብሎ ወጥቷል። ማስረጃው እንዲህ ነበር፦ በአንደኛው ፊልም ባለጓንቱ ድልድይ ሲያነሣ ላብ እንኳ አላወረደም፤ የማያልበው ሰው ክሬን ነው፤ ለክሬን ማን ያጨበጭባል? በሁለተኛው ግን የሚያነሣው ነገር የለም። የሚያስፈራውን ድምፅ በጡጫ አይመታው ነገር፣ ድምፅ ነው። ያለው አማራጭ መውረድ ብቻ ነው፤ እየፈራ ወረደ። አስፈሪው ነገር ፊልሙን አላበላሸውም፤ ጀግናውን ገና አሁን ሰው አደረገው። «ጉድለት የለውም አልልም» ይላል ክርኑን ላጠፈ በሽተኛ፤ «ከሙታኑ አንዱ አጽም ሁለት ግራ እጅ ነበረው፤ እሱን የገጣጠመውን ሰው ባገኘው አስተምረው ነበር። መጨረሻ ላይ መንትያ ጠላት ያመጡትም ለምን እንደሆነ እነሱም አያውቁም። በተረፈ ግን ከአንደኛው ይበልጣል! ክርንዎን ቀና ያድርጉ።»

ሐሙስ ዕለት ብቻውን ሲሆን ውሸቱን ለመለማመድ ሞከረ። ከግድግዳው ጀርባ ቆሞ በትንሿ መስታወት የራሱን ጥላ እያየ፣ «ልክ ነዎት እማማ፣ ፊልሙ መጥ…» አለ። መጥፎን መጨረስ አቃተው። ሦስት ጊዜ ሞከረ። በሦስተኛው «መጥቶልኛል» ብሎ ጨረሰው።

ቅዳሜ ጠዋት የዳይሬክተሯ ልጅ መጣ። የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ ጣሪያው ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ በተሰቀለበት መኪና ነው የመጣ። መሪውን የያዘው እሱ አይደለም፤ የሰዓቱ ተማሪ ነው። ሰውየው መሪውን ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ግንድ እንደሚያቅፍ አቅፎታል።

«እማዬ፣ ቶሎ በይ» አለ ልጅየው ሻንጣውን እያነሣ። «ትምህርቱን በመንገድ እያስተማርኩ ነው የምወስድሽ። ሰዓቱ እየሄደበት ነው።»

ሻንጣው ኋላ ገባ፤ የኋላው በር ድው ብሎ ተዘጋ። ዳይሬክተሯ ሳሎኑ ውስጥ ቆመው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሚስትየዋ የሻይ ብርጭቆ ይዛ ባሏን በዓይኗ ትጠቅሰዋለች፤ በል እንጂ፣ በላት፣ አንድ ቃል ናት።

«እንግዲህ ደህና ይሁኑ» አሉ ዳይሬክተሯ ለአማቻቸው።

ራጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «እማማ፣ ከመሄድዎ በፊት አንድ ነገር ልንገርዎት። ስለ ፊልሙ ነው።»

ሚስቱ ተመስገን ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

«ፊልሙ ጥሩ ነው።»

ሚስቱ ዓይኗን ገለጠች።

«ከአንደኛው ይበልጣል» ቀጠለ ራጁ፤ ከጀመረ ወዲያ ወይ ፍንክች። «አሥራ ዘጠኝ የሰጡት ስለ ፊልሙ አይደለም፤ በእኔ ስለተናደዱ ነው። ልክ ነዎት፣ ይናደዱ። አፌ አዋረደዎት። ግን ያን ያልኩት ልቀልድ ብዬ አይደለም። ሥራ ላይ እኔ ምንጊዜም ከግድግዳ ጀርባ ነኝ፤ ጨረሩም አይነካኝም፣ የሚፈራውም ሌላ ሰው ነው። እዚያ በር ፊት ግን ግድግዳ አልነበረኝም። ትንፋሼ ተቆርጦ ነበር፣ እማማ። የምለው ስላጣሁ የማውቀውን ብቻ አልኩ።»

ከውጭ ጥሩምባ ተነፋ። ለማጁ በስህተት ተደግፎት ነው።

«እርስዎም ፈርተዋል» አለ ራጁ። «ሁለት ረድፍ ሰው እግሬ አውጪኝ ብሎ ሲወጣ እርስዎ እስከ መጨረሻው ቁጭ አሉ። ባለጓንቱም እየፈራ ወረደ። እሱን አሥራ ዘጠኝ ከሰጡት እኔ አልቀበልም። ይታረም።»

ዳይሬክተሯን በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ «ይታረም» ያላቸው ሰው አልነበረም። ሚስትየዋ ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፤ ቢሰበር ድምፁ እንዳይጨመርበት ብላ ነው።

«ማነው ፈርተዋል ያለህ?» አሉ ዳይሬክተሯ።

«እማማ፣ እግርዎ…»

«ጉልበቴን እያሳረፍኩ ነበር!»

«ቦርሳውስ?»

«መነጽሬን እየፈለግኩ!»

«በአፍንጫዎ?»

ሚስትየዋ ሳቋን ልትውጥ ብላ ትን አላት። ዳይሬክተሯ ልጃቸውን ገላመጧት፤ ግን ከአፋቸው ጥግ የሆነ ነገር አመለጣቸው። ወንበሩን ሳቡና ነጠላቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ።

«እሺ። ጥሩ ነው አልክ። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ ምድር ቤት ስንት ደረጃ ይኖረዋል?»

«ሃያ፣ ሃያ አምስት…»

«መቶ አሥራ አራት ወረደ! መቶ አሥራ አራት! ሕንፃው ላይ ነው የሚሠራው ወይስ የማዕድን ጉድጓድ ውስጥ? እኔ ቆጥሬአለሁ።»

«ፊትዎ ተጋርዶ እንዴት ቆጠሩት?»

«በጆሮዬ! ኮቴው አይሰማም እንዴ? ዓይኔን ባልገልጥ ጆሮዬን የደፈነው የለ!» ካሉ በኋላ ምን እንዳሉ ገባቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ሰባ ላይ ስደርስ ይብቃው፣ ይመለስ ብዬ ነበር» አሉ። «አልተመለሰም።»

«አልተመለሰም» አለ ራጁ፤ ወንበር ስቦ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

ልጃቸው በበሩ ብቅ አለ። «እማዬ! ተማሪዬ ሞተሩን ሦስት ጊዜ አጠፋው። እንሂድ ወይስ ምንድን ነው?»

«ሂድ አስተምር» አሉ ሳይዞሩ። «እኔ እዚህ ያላለቀ ጉዳይ አለኝ።»

«ሻንጣሽስ?»

«ስትመለስ ታመጣዋለህ።»

ልጅየው እህቱን አየ፣ እህቱም እሱን አየች፤ ትከሻዋን ከፍ አድርጋ አወረደችው። ውጭ ለማጁ መኪናውን አስነሣ፤ መኪናው እንደ እንቁራሪት ሁለት ጊዜ ዘለለና ሻንጣውን ይዞ ወደ ዋናው መንገድ ታጠፈ።

«እማዬ» አለች ሚስትየዋ በመስኮት እያየች፣ «የሌሊት ልብስሽም የጥርስ ብሩሽሽም እኮ ሄደ።»

«ይሂድ፤ ሻይ አምጪልን» አሉ ዳይሬክተሯ፤ ጣታቸውን ራጁ ላይ ቀስረዋል። «አሁን ስለ መንትያው ጠላት ንገረኝ። ተዘጋጅተህ ተናገር፤ በእሱ ላይ አልምርህም።»